ዳገት የሚያጋልጠው ንዝረት

ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ያለው አስፋልት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳንግላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር ትበልጣለች። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ መንገድ እዚህ ላይ ባንዴ ሽቅብ አይወጣም፤ በአዲስ ቅዳም በኩል ከፍ ዝቅ እያለ፣ ሜዳ መስሎ እያዘናጋ፣ መኪናን 400 ሜትር ያህል ያስወጣል። በክረምት ማለዳ አምስት ሰው ጭና ከዳንግላ የተነሣች አንዲት ቪትዝ በዚህ መንገድ ላይ እናስብ። ሜዳው ላይ ደኅና ናት። ዳገቱ ሲጀምር ሾፌሩ ነዳጅ ይረግጣል። ፍጥነቷ ከ50 ወደ 60 ሲጠጋ ወለሉ ከእግር በታች መርገፍገፍ ይጀምራል፤ የፊቱ ወንበር ይንዘረዘራል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የተቀመጠው ሳንቲም ይንጫጫል። ዳገቱ አልቆ ሾፌሩ እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሣ ሁሉም ባንዴ ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ያው ሾፌር በዚያችው መኪና፣ በዚያው ፍጥነት ቁልቁል ሲመለስ ምንም የለም።

ይህ ሾፌር ጋራዥ ሲደርስ የሚናገረው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መኪናዬ ታንቀጠቅጣለች»። ዳገቱ፣ የተረገጠው ነዳጅ፣ 60ው፣ ቁልቁለቱ ላይ የጠፋው ንዝረት፣ አንዱም እዚህ ንግግር ውስጥ የለም። መካኒኩም መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ፣ ዘንጉን በእጁ ነቅነቅ አድርጎ፣ «አክስሏ አልቋል፤ ይለወጥ» ይላል። ምናልባትም ልክ ነው። አዲስ አክስል ይገዛል፤ ይገጠማል። ንዝረቱ ግን ወይ እዚያው ይገኛል፣ ወይ መልኩን ቀይሮ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ተራው የጎማ ነው፤ ቀጥሎ የቴስቲና፤ ቀጥሎ የሞተር ጎሚኒ። አክስሉ ግን «አዲስ ነው» ተብሎ ከተጠርጣሪዎች መካከል ወጥቷል። ይህ ጽሑፍ የሚቃወመው ይህንን አሠራር ነው። ዕቃ መለወጥ ምርመራ አይደለም፤ አዲስነትም የጤንነት ማስረጃ አይሆንም። ንዝረት መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ በወጉ ከተጠየቀ ምንጩን ይናገራል። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ይህ መንገድ በሚያልፍበት በአዊ ዞን ያለው ዳገትና ቁልቁለት ከክሪክ የተሻለ መሣሪያ ነው።

አክስሉ ለምን ይርገፈገፋል?

ቪትዝ፣ ያሪስና የቅርብ ዘመን ኮሮላ የሚሄዱት በፊት ጎማቸው ጉልበት ነው። ከካምቢዮው ግራና ቀኝ የሚወጡ፣ አክስል የሚባሉ ሁለት ዘንጎች የሞተሩን ጉልበት ለጎማዎቹ ያደርሳሉ። ዘንጉ ቀጥ ያለ ብረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጎማው ጉድጓድ ሲገጥመው ከፍ ዝቅ ማለት፣ መሪው ሲዞርም መታጠፍ አይችልም ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘንግ ሁለት መተጣጠፊያ አለው፤ አንዱ ጎማው ዘንድ፣ ሌላው ካምቢዮው ዘንድ። የጥንቱ መተጣጠፊያ በአይሱዙና በሃይሉክስ ሆድ ሥር ዛሬም የሚታየው ባለመስቀሉ ክሮቼራ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጣሊያናዊው ሊቅ ጄሮላሞ ካርዳኖ ስሙን ሰጥቶታል። ክሮቼራ ጠንካራ ነው፤ ግን ታጥፎ ሲዞር የሚያስተላልፈው ፍጥነት እኩል አይሆንም። በ30 ዲግሪ ቢታጠፍ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ጎማውን 15 በመቶ ያህል ያፈጥነዋል፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ 13 በመቶ ያህል ያዘገየዋል። እንዲህ ያለ መኪና መሪው በዞረ ቁጥር ሲንገጫገጭ ይውል ነበር። አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ የፎርድ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በተቀረጸ ቦይ ውስጥ በሚሄዱ የብረት ኳሶች የሚሠራ፣ ቢታጠፍም ፍጥነቱን እኩል የሚያስተላልፍ መተጣጠፊያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው የእንግሊዟ ሚኒ ይህን ዓይነት መተጣጠፊያ ተጠቅማ፣ በፊት ጎማ የምትሄድ ትንሽ መኪና ለሕዝብ እንደምትሆን አሳየች። ዛሬ ሲቪ ጆይንት የሚባለው ይኸው ነው።

የዳገቱ ንዝረት አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ግን ከዚህ ጎማው ዘንድ ከሚገጠመው ከውጭኛው ሳይሆን ካምቢዮው ዘንድ ካለው ከውስጠኛው መተጣጠፊያ ነው። በብዙዎቹ ትናንሽ መኪኖች ውስጠኛው ባለሦስት ጣት ነው። በየጣቱ ላይ አንድ አንድ ትንሽ ተሽከርካሪ ቀለበት አለ፤ ሦስቱ ቀለበቶች በሦስት ቦይ ውስጥ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይንሸራተታሉ። ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል ዘንጉ የሚረዝመውና የሚያጥረው በዚህ መንሸራተት ነው። መኪናው ወደፊት ሲጎተት ቀለበቶቹ ሁልጊዜ የሚጫኑት በቦዩ አንድ ጎን ላይ ነው። ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ እዚያው ጎን ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ይወጣል። ቀለበቱ ጎድጓዳው ውስጥ ወድቆ በጭነት ሲሳብ መንሸራተቱን ትቶ ይይዛል፣ ይለቃል፤ ይይዛል፣ ይለቃል። በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ጣት ስላለ ግፊያው ሦስት ነው። የቪትዝ ጎማ ዙሪያው 1.84 ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ጎማው በሰከንድ 9 ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ የሾፌሩ ወንበር በሰከንድ 27 ጊዜ ይገፋል። ያልተመዘነ ጎማ በአንድ ዙር የሚገፋው አንድ ጊዜ ነው። ጎማ ወዲያ ወዲህ ያወዛውዛል፤ ውስጠኛው መተጣጠፊያ ግን ያንዘረዝራል። ብዙ የነዳ ሰው ልዩነቱን በመቀመጫው ያውቀዋል፤ ስም አይሰጠው ይሆናል እንጂ።

40 ኪሎ ሜትር መመርመሪያ

እንግዲህ ወደ መንገዱ እንመለስ። ዳገት ላይ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ይሆናል። አንደኛ፣ ሾፌሩ ነዳጅ ስለሚረግጥ በአክስሉ ላይ የሚያልፈው ጉልበት ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የመኪናዋ አፍንጫ ቀና ይላል፤ አፍንጫዋ ቀና ሲል ዘንጉ ከካምቢዮው ጋር የሚሠራው ማዕዘን ይሰፋል። ከኋላ ሦስት ሰውና አንድ ኩንታል ድንች ካለ ደግሞ የባሰ ይሰፋል። ያለቀ ውስጠኛ መተጣጠፊያ የሚጠላው እነዚህን ሁለቱን ነው፤ ጉልበትና ማዕዘን። በቁልቁለቱ ግን እግር ከነዳጅ ሲነሣ ጉልበቱ ይገለበጣል፤ ጎማው ሞተሩን መግፋት ይጀምራል፤ ቀለበቶቹም ወዳልተበላው የቦዩ ጎን ይዞራሉ። ለዚህ ነው ያቺ ቪትዝ በመመለሻዋ ዝም ያለችው። ስትመለስ አልዳነችም፤ ብረቷ ያላለቀውን ጎኑን ተጠቅሞ ነው። በዚያው ፍጥነት ሲወጣ የሚንዘረዘር፣ ሲወርድ ዝም የሚል መኪና ጣቱን ወደ አክስሉ ይቀስራል። ሲወጣም ሲወርድም በዚያችው ፍጥነት እኩል የሚንቀጠቀጥ ደግሞ ስለ ነዳጅ ግድ የሌለው፣ ከጎማው ጋር የሚዞር ሌላ በሽታ እንዳለበት ይናገራል።

ይህን ፈተና የሚያበላሹት ሌሎች ተጠርጣሪዎች ስላሉ በቅድሚያ እነሱን ነጻ ማውጣት ያስፈልጋል። በአዊ ክረምት የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ጭቃ ነው። አካባቢው በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት አንዱ ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ቀበሌ መንገድ የገባ መኪና በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጭቃ ለጥፎ ይወጣል። ያ ጭቃ በአንድ ወገን ደርቆ ሲቀር በደንብ የተመዘነን ጎማ ያልተመዘነ ያደርገዋል። መሪው በ80 ሲወዛወዝ አክስል ከማስፈታት በፊት የቸርኬውን ጀርባ በውኃ ማጠብ ይቀድማል፤ ወጪው አንድ ባልዲ ውኃ ነው። ቀጥሎ ጎማው ይታያል፤ ያበጠ፣ በአንድ ቦታ የተበላ፣ ዳዶው የላላ ካለ። የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ማዛወርም ጎሚስታ የሚሠራው ቀላል ፈተና ነው፤ ንዝረቱ ከመሪ ወደ ወንበር ከዞረ ጎማው ራሱን አጋለጠ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ንዝረት የፍሬን ዲስክ ጉዳይ ነው። በመጨረሻ ሞተሩ አለ። ሞተሩንና ጎማውን የሚለየው ማርሽ ነው፤ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሦስተኛ ማርሽም በአራተኛም ንዝረቱ ካልተለወጠ የሚዞረው ከጎማ ጋር ነው፤ ማርሽ ሲቀየር ከተለወጠ የሞተሩን ዙር እየተከተለ ነውና የሞተር ጎሚኒ ወይም ሞተሩ ራሱ ይጠየቅ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መነገር አለበት። አንዳንድ ሾፌር ንዝረቱን ለመለየት ወይም ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ በፍሪ ይወርዳል። ይህ ሞተሩ የሚሰጠውን ማገጃ ያስቀራል፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይታመንም። ለምርመራው እግርን ከነዳጅ ማንሣት በቂ ነው፤ ማርሽ ማውጣት አያስፈልግም። ሌላው የተለመደ ስሕተት መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ጎማው በአየር ላይ እያለ ነዳጅ መርገጥ ነው። ጎማው ሲንጠለጠል ዘንጉ ቁልቁል ይዘነብላል፤ ማዕዘኑ መንገድ ላይ እምብዛም የማይደርስበት ይሆናል፤ ጤነኛ አክስልም ሊርገፈገፍ ይችላል። ፈተናው አደገኛ ነው፤ መልሱም ሐሰት ነው። ክሪክ የሚጠቅመው ለሌላ ነው፤ የላስቲክ ሽፋኑን ለማየት፣ ዘንጉን ነቅንቆ ልቅነቱን ለመገመት፣ ኩሽኔታው የሚያጓራ መሆኑን ጎማውን በእጅ አዙሮ ለማዳመጥ።

ውጭኛው መተጣጠፊያ በሽታው ሌላ ነው፤ የሚናገርበትም ቦታ ሌላ ነው። አዊ የፈረስ አገር ነውና የፈረስ ባለቤት የሚያውቀው ነገር እዚህ ይጠቅማል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በሚያከብረው በዓል የሚታዩት ፈረሶች ያለ ዓዋቂ ዓይን እዚያ አይደርሱም። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ደኅና የሚመስል ፈረስ በጠባብ ክብ ሲያዞሩት ማነከሱ ይወጣል፤ ሸክሙ በውስጠኛው እግር ላይ ስለሚወድቅ ነው። ውጭኛው መተጣጠፊያም እንዲሁ ነው። ቀጥታ መንገድ ላይ ኳሶቹ ብዙ አይንቀሳቀሱም። በሰፊ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ ቀስ ብሎ ነዳጅ እየሰጡ በክብ ቢነዱት ግን ያለቀው መተጣጠፊያ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል። ብዙ ጊዜ የሚጮኸው በመታጠፊያው ውጭ በኩል የዋለው ነው፤ መሪው ወደ ግራ ሲዞር የቀኙ። ቀጭታው ከውጭኛው፣ የዳገቱ መንዘርዘር ከውስጠኛው መሆኑን የለየ ሾፌር ለመካኒኩ ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል። ፈረስ ሲያነክስ ባለቤቱ መጀመሪያ ኮቴውን ያነሣል፤ ወዲያው ሌላ ፈረስ ሊገዛ አይሄድም።

«አዲስ ዕቃ እንዴት ያረጃል?»

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ይህ ነው። ብር ከፍዬ አዲስ አክስል አስገብቻለሁ፤ ታዲያ እንዴት እርሱ ይጠረጠራል? መልሱ አዲሱ አላረጀም፣ ነገር ግን ከመጀመሪያው ያልተስተካከለ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ፋብሪካው በመኪናዋ ላይ የገጠመው ዘንግ ርዝመቱ፣ ውፍረቱ፣ ክብደቱ ለዚያች መኪና ተለክቶ የተሠራ ነው። በአንዳንድ ሞዴል ረጅሙ ዘንግ ወገቡ ላይ ወፍራም የላስቲክ ቀለበት ታስሮበታል። ዓላማው የዘንጉን የራሱን መንቀጥቀጥ መዋጥ ነው። ርካሹ ምትክ አንዳንድ ጊዜ ይህ ቀለበት ሳይኖረው ይመጣል፤ አይቶ የሚያነጻጽር ከሌለ ማንም አያስተውልም። ታድሶ የሚሸጥም አለ፤ የተበላው ቦይ በመሞረጃ ተስተካክሎ ትልልቅ ኳስ ይገባበታል፤ የላይኛው ጠንካራ የብረቱ ቆዳ በሙረዳው ከሳሳ ዕድሜው አጭር ነው። ውስጠኛው መተጣጠፊያ በጣም ከጠበቀ ደግሞ አዲስ በሽታ ይፈጥራል፤ ቀለበቶቹ በነጻነት ስለማይንሸራተቱ የሞተሩ መርገብገብ በዘንጉ በኩል ወደ መኪናዋ አካል ይተላለፋል። አውቶማቲክ መኪና ማርሹ ዲ ላይ ሆኖ፣ ፍሬን ተይዞ፣ በቆመችበት መንዘርዘር ከጀመረች፣ ይህም የጀመረው አክስል በተለወጠ ማግሥት ከሆነ፣ የሞተር ጎሚኒ ከመግዛት በፊት አዲሱን አክስል መጠርጠር ይገባል። የጊዜው ቅደም ተከተል ራሱ ማስረጃ ነው።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የዕቃው ላይሆን ይችላል፤ አገጣጠሙም አለ። ዘንጉ ወደ ካምቢዮው ሲገባ በጫፉ ያለችው የሽቦ ቀለበት ቦታዋን እስክትይዝ ድረስ መገፋት አለበት፤ ካልያዘች ዘንጉ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ዘይት ያፈስሳል። በጎማው በኩል ያለው ትልቁ ዳዶ በተወሰነለት ኃይል መጥበቅ አለበት፤ ሳይጠብቅ መኪናዋ በጎማዋ ላይ ከቆመችና ከተንከባለለች ኩሽኔታው ይጎዳል። ሾፌሩም ከሳምንት በኋላ የሚሰማውን ጉርምርምታ የአክስሉ ያደርገዋል። ሌላው ምክንያት የመኪናዋ ቁመት ነው። ኮረኮንች መንገድ ላይ ሆዷ እንዳይመታ በማለት ሞላዋ ላይ ማስረዘሚያ የተጨመረላት ትንሽ መኪና፣ ሜዳ ላይ ቆማ ሳለች እንኳ ዘንጎቿ ዳገት ላይ ያለች ያህል ዘንበል ብለዋል። እንዲህ ያለች መኪና ሦስት አክስል ቢቀያየርላት ሦስቱም ይንዘረዘራሉ፤ በሽታው ዘንጉ አይደለም፤ ማዕዘኑ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የኑሮ ነው። «በቀን ገቢ የሚኖር ሾፌር ለፍተሻ ጊዜ የለውም፤ አንዱን ቀይሮ መንገዱን ይቀጥላል» ይባላል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ግን ስሌቱ ወደ ሌላ ያደላል። ከላይ የተዘረዘሩት ፈተናዎች የሚሠሩት በሥራ ላይ ነው። ከዳንግላ እንጅባራ ወጥቶ የሚመለስ ሰው ፈተናውን ጨርሷል፤ የሚቀረው ያየውን ማስታወስ ነው። የሚያስከፍለው ግምት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ኤክሳይስ ታክስ ከተጣለ ወዲህ መኪና መቀየር ለብዙ ሰው ሩቅ ሆኗል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋው ወጥቷል። ያለችው መኪና ረጅም ዘመን ማገልገል አለባት፤ እያንዳንዱ የተሳሳተ ግዢ ደግሞ ከጎማ ወይም ከፍሬን በጀት የሚቀነስ ነው። በግምት ሦስት ዕቃ ከመቀየር፣ አንድ ቀን አስተውሎ አንዱን መቀየር ለድኻው ነው የሚበጀው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «መንገዱ ነው» የሚለው ነው። በእርግጥ ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ አቅጣጫ ወጥቶ በየቀበሌው መንገድ የሚገባ መኪና ሲንገጫገጭ ቢውል አይደንቅም። ግን የመንገድ መንገጫገጭ ሥርዓት የለውም፤ ጉድጓዱ በመጣ ጊዜ ይመጣል። የሚዞር ብረት ንዝረት ግን ከፍጥነት ጋር የተሳሰረ ምት አለው፤ በ40 የለም፣ በ60 አለ፣ በ75 ይቀንሳል። ለዚህ ነው ፈተናው አስፋልት ላይ መደረግ ያለበት። ይልቅስ ኮረኮንቹ ዋና ጥፋቱ ሌላ ነው፤ መተጣጠፊያውን የሚሸፍነውን የላስቲክ ሽፋን በጠጠር መቅደድ። ሽፋኑ ግራሶ ይይዛል፤ ጭቃና ውኃ ያግዳል። ከተቀደደ የሚሽከረከረው ዘንግ ግራሶውን ወደ ቸርኬው ጀርባ ይረጫል፤ በምትኩ አሸዋ ያዘለ የክረምት ውኃ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ኳሶቹ በአሸዋ ወረቀት ላይ እንደሚሽከረከሩ ናቸው። በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ የተረጨ ጥቁር ግራሶ ካዩ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ጊዜ ያ ነው። መተጣጠፊያው ሳይጮኽና ሳይንዘረዘር ከተደረሰበት ታጥቦ፣ ትክክለኛው ግራሶ ገብቶ፣ ሽፋኑ ብቻ ይለወጣል፤ የፋብሪካው አክስልም ይተርፋል።

«ይህ ጥገና ማታለያ ነው፤ ያለቀ ብረት በግራሶ አይድንም» የሚሉ መካኒኮች አሉ። ስላለቀው ብረት ትክክል ናቸው። አንድ ጊዜ ቀጭታው ከተሰማ ወይም የዳገቱ ንዝረት ከመጣ የተበላውን ቦይ ግራሶ አይሞላውም፤ ዕቃው ይለወጣል። ችላ ማለትም አይቻልም። መተጣጠፊያው ቢበጠስ ወይም ዘንጉ ቢወጣ መኪናዋ ጉልበት ታጣለች፤ ከዚያም አልፎ አውቶማቲክ መኪና አንዱ አክስሏ ከተበጠሰ የፓርክ ማርሽ አያቆማትም፤ የእጅ ፍሬኗም ደካማ ከሆነ በዳገት ላይ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ክርክሩ ስለዚህ «አትለውጡ» አይደለም። ምትክ ዕቃ ሁሉ መጥፎ ነው የሚልም አይደለም፤ ለዓመታት ያለ ኮሽታ የሚያገለግል አለ። ክርክሩ «ሳትለዩ አትለውጡ፤ ከለወጣችሁም በኋላ እንደገና ፈትኑ» የሚል ነው። አዲሱና አሮጌው ጎን ለጎን ይጋደሙ፤ ርዝመታቸው፣ የጥርሳቸው ቁጥር፣ የላስቲክ ቀለበቱ፣ ለኤቢኤስ የሚያገለግለው ባለጥርስ ቀለበት ካለ እሱም ይነጻጸር። ውስጠኛው መተጣጠፊያ በእጅ ሲገፋና ሲሳብ ሳይይዝ ይንሸራተት። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ካሉት መደብሮችም ሆነ ከባሕር ዳር የመጣ፣ ያገለገለ ነገር ግን ቦዩ ያልተበላ የፋብሪካ አክስል አንዳንድ ጊዜ ከሚያብረቀርቀው አዲስ ይመረጣል።

ከቪትዝ ባሻገር

በአዊ መንገዶች ላይ ብዙውን ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱት ግን ቪትዞች አይደሉም፤ ሃይኤስ ሚኒባስ፣ አይሱዙና ሃይሉክስ ናቸው። እነዚህ የሚገፉት በኋላ ጎማቸው ነው። የዳገት ሕጉ ግን ይሠራባቸዋል። በእነሱ ላይ ተጠርጣሪው ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅሙ ዘንግና ክሮቼራዎቹ ናቸው። ይህ ዘንግ የሚዞረው ከዲፈረንሻሉ በፊት ስለሆነ ከጎማው ይፈጥናል፤ እንደ መኪናው ዓይነት አራት እጥፍ አካባቢ። ንዝረቱም ከጎማ ንዝረት የደቀቀ፣ ከወለሉ ሥር የሚመጣ ነው። ሚኒባስ ከመነኸሪያ ተጭኖ ሲነሣ ለጥቂት ሜትር ተርገፍግፎ ጸጥ ካለ የመካከለኛው ደጋፊ ኩሽኔታ ይታይ። ስለ አዲስ ዕቃ የተባለውም እዚህ ይደገማል። ሁለቱ ክሮቼራዎች አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚያጣፋው ሹካዎቻቸው በአንድ መሥመር ሲገጠሙ ነው። ዘንጉ ተፈትቶ በሌላ አቅጣጫ ከተገጠመ ክሮቼራው አዲስ ቢሆንም መኪናው ከበፊቱ ብሶበት ይወጣል። ከመፍታት በፊት በቀለም ሁለት ምልክት ማድረግ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዚህ ነገር አያመልጡም። ሞተር ዘይት የላቸውም፤ ክላች የላቸውም፤ አክስልና መተጣጠፊያ ግን አላቸው። የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ከመነሻው ስለሚሰጥ በውስጠኛው መተጣጠፊያ ላይ የሚያርፈው ጫና ከባድ ነው። የሞተር ጩኸት ስለሌለም ትንሿ ንዝረት ጎልታ ትሰማለች። እነዚህን መኪኖች ነገ የሚጠግነው የእንጅባራና የዳንግላ ወጣት መካኒክ ኮምፒውተር ማንበብ ይማር ይሆናል፤ ይሁን እንጂ የተበላ ቦይ ብዙውን ጊዜ በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ቀይ መብራት አያበራም። እሱን የሚያሳየው ዛሬም ዳገቱ ነው።

ስለዚህ ለሾፌሩም ለመካኒኩም የሚቀረው ጥቂት ነው። ሾፌር ጋራዥ ሲገባ አምስት ነገር ይናገር፤ በስንት ፍጥነት፣ ነዳጅ ሲረገጥ ወይስ ሲለቀቅ፣ ቀጥታ ወይስ መሪ ሲዞር፣ መሪው ወይስ ወለሉ፣ ከየትኛው ጥገና በኋላ እንደጀመረ። መካኒክም ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት እነዚህን ይጠይቅ፤ ከተቻለም አጠገቡ ተቀምጦ ዳገቱን ይውጣ። አክስል ከተለወጠ ደግሞ አሮጌውን ለማንም አይስጡ፤ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ጭነው፣ ነዳጅ ረግጠው አንዴ እንጅባራ ይውጡ፤ እግር አንሥተው ዳንግላ ይውረዱ። ሲወጡም ሲወርዱም ዝም ካለ፣ አሮጌውን ያን ጊዜ ይጣሉት።